ተማሪዎቼ ሁሉ «ዊ ሹድ ስተዲ ሃርድሊ» ይላሉ፤ ይህን «ሃርድሊ» በምን ላስረዳቸው?

የሰላ ድንጋይ መምህር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። የ10ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነው የማስተምረው። «ጎበዝ ተማሪ ለመሆን ምን እናድርግ» በሚል ርዕስ አንድ አንቀጽ እንዲጽፉ አዝዤ ወረቀታቸውን እያረምኩ ነው። ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል «ዊ ሹድ ስተዲ ሃርድሊ» ብሎ ጽፏል። ጠንክረን እናጥና ሊሉ አስበው፣ ማጥናት እምብዛም አያስፈልግም ብለው ቁጭ።

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። «ስሎው» ላይ «ሊ» ሲጨመር «ስሎውሊ»፣ «ካይንድ» ላይ ሲጨመር «ካይንድሊ» ይሆናል ተብለው ነው የመጡት። «ሃርድ»ም ቅጽል ነው፣ «ሊ» ጨምርበት፣ አለቀ። ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ አቀናዋለሁ፤ «ሃርድ» ራሱ ቅጽልም ተውሳከ ግሥም ሆኖ ይሠራል፣ «ፋስት»ም እንደዚያው ነው፣ «ፋስትሊ» የሚባል ቃል የለም እላቸዋለሁ።

የቸገረኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። «ታዲያ ሃርድሊ ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ «እምብዛም» ብዬ እመልሳለሁ። ወዲያው «ሂ ዳዝ ኖት ሃርድሊ ኢት» ይጽፉልኛል። «እምብዛም አይበላም» ነዋ! በአማርኛቸው ከሄድን አልተሳሳቱም። «በጭንቅ» ስላቸው ደግሞ «በችግር ጊዜ» አድርገው ይወስዱታል። እናንተ በምን ትተረጉሙታላችሁ? ሳይተረጎም የሚያስተምር ካለም ይንገረኝ።

---

ምንጃሬ · 2፡31

«እምብዛም» ምን ጎደለው? መዝገበ ቃላቱም እሱኑ ነው የሚለው። እንግሊዝኛ ላይ ሁለት አሉታ አይደራረብም የሚለውን ሕግ ይሸምድዱ፣ በቃ። ይሄ ክር የሚያስከፍት ጉዳይ አይደለም።

---

ባና ለባሽ · 2፡40

ምንጃር በነጭ ጤፉ ብቻ መስሎኝ፣ በአጭር መልሱም ይታወቃል ለካ!

መምህር፣ እኔ የማውቀው ልጅ ደብረ ብርሃን ላለ አንድ ፋብሪካ ማመልከቻ ሲያስገባ «አይ ኦልዌይስ ወርክ ሃርድሊ» ብሎ ጽፎ ነበር። ቃለ መጠይቁ ላይ ሰውየው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «ቢያንስ አልዋሸኸንም» አለው አሉ። ተቀጥሯል ደግሞ። ስለዚህ ተማሪዎችህን ብዙ አታስጨንቃቸው።

---

የጣርማበር ሹፌር · 3፡02

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው የጣርማበርን ጭጋግ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ዋሻው አፍ ስትደርስ የመኪናህን አፍንጫ እንኳ ለይተህ አታየውም። አንድ ቀን ጋቢና የተቀመጠ ፈረንጅ «አይ ካን ሃርድሊ ሲ ዘ ሮድ» አለ። ረዳቴ ዘወር ብሎ «መንገዱ ወለል ብሎ ይታየኛል ነው የሚልህ» ብሎ ተረጎመልኝ። ሰውየው ግን በሁለት እጁ ዳሽቦርዱን ጨምድዶ ይዟል! የሚታየው ሰው እንደዚያ አይዝም።

እና የእኔ ጥያቄ ለምንጃሬ፦ እዚህ ላይ «መንገዱን እምብዛም አላይም» ትላለህ? ሰው እንደዚያ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። «መንገዱ በመከራ ነው የሚታየኝ» ነው የሚባለው።

---

ጡረተኛዋ · 3፡25

መምህር ልጄ፣ ይህን ቃል ደብረ ብርሃን ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬአለሁና ትንሽ ልበል።

«እምብዛም» ስህተት አይደለም፤ ብቻውን ሲሰጥ ነው የሚያሳስተው። «እምብዛም» በውስጡ አሉታ የለውም። አሉታውን የሚይዘው ግሡ ነው። «እምብዛም ይበላል» የሚል አማርኛ ተናጋሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? «እምብዛም» ሲባል ጆሯችን ከኋላ የሚመጣውን «አይ» እና «ም» መጠበቅ ይጀምራል፤ ካልመጣ ዓረፍተ ነገሩ ያነክሳል። እንግሊዝኛው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፦ አሉታውን «ሃርድሊ» ራሱ ውጦታል፣ ግሡ በአዎንታ ይቀመጣል። «ሂ ሃርድሊ ኢትስ»፣ አለቀ። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ «እምብዛም» ብቻ አትጻፍ። «እምብዛም አይ…ም» ብለህ ጻፍ፤ «አይ» እና «ም» ከቃሉ ጋር አብረው ይሸምደዱ። ያኔ ተማሪው «ኖት» ሊጨምር ሲል አሉታው አስቀድሞ መግባቱን ያየዋል።

አሉታ እንደዋጠ ማስረጃ ከፈለጉ «ኤኒ»ን አሳያቸው። «ዜር ኢዝ ሰም ዋተር» እንላለን፤ አሉታ ሲመጣ ግን «ዜር ኢዝንት ኤኒ ዋተር» ይሆናል። «ሃርድሊ» የሚከተለው የትኛውን ነው? «ዜር ኢዝ ሃርድሊ ኤኒ ዋተር» ነው። «ሰም» ብትል ያስቃል። ስለዚህ ሰዋስዉ ራሱ «ሃርድሊ»ን ከእነ «ኖት»፣ ከእነ «ኔቨር» ተርታ ነው የሚቆጥረው።

ሁለተኛ፣ ቦታውን አስተምር። ይሄ ከትርጉሙ ይልቅ ይጠቅማል። «ሃርድ» ከግሡ ኋላ ነው የሚቆመው፦ «ሺ ወርክስ ሃርድ»። «ሃርድሊ» ከግሡ ፊት ነው፦ «ሺ ሃርድሊ ወርክስ»። ረዳት ግሥ ካለ በረዳቱና በዋናው ግሥ መካከል ይገባል፣ የሹፌሩ ፈረንጅ «ካን ሃርድሊ ሲ» እንዳለው። የእንግሊዝኛው «ቢ» ካለ ደግሞ ከሱ ኋላ ይሆናል፦ «ዘ ሩም ዋዝ ሃርድሊ ዋርም»። ስለዚህ «ሃርድሊ»ን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ጥሎ የሄደ ተማሪ ካየህ፣ «ሃርድ» ማለት ፈልጎ እንደሆነ ሳታነብ ታውቃለህ።

ሦስተኛው የሹፌሩ ነው፣ ትክክል ነው የተናገረው። «ካን» ሲጨመርበት «እምብዛም» አይሆንም። «አይ ካን ሃርድሊ ሂር ዩ» ሲሉህ «ድምፅህ በጭንቅ ነው የሚሰማኝ» ነው። «አይ ካን ሃርድሊ ቢሊቭ ኢት» ደግሞ «ማመን አቅቶኛል»።

---

ምንጃሬ · 3፡38

እትዬ፣ እርስዎ እንደሱ ካሉ እሺ። ግን አንድ ነገር፦ አሜሪካኖች በፊልም ላይ «አይ ካንት ሃርድሊ» ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኛ ልጆች ሲሉት ስህተት፣ እነሱ ሲሉት ትክክል?

---

ጡረተኛዋ · 3፡44

ይላሉ፣ እውነትህን ነው። አንዳንድ አካባቢ ያለ ሰው በንግግር ይለዋል፤ ትምህርት ቤታቸው ግን እዚያም በቀይ ያሰምርበታል። የእኛ ልጆች ፈተና የሚቀመጡት በመጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ፊዚክሱም በዚሁ ቋንቋ ነውና ፊልሙን ኋላ ይድረሱበት።

---

የጓሳ አስጎብኚ · 4፡05

ይሄ ክር ለእኔ ነው የተከፈተው! መንዝ ጓሳ ላይ እንግዳ ሳስጎበኝ በቀን ስንቴ እንደምሰማው።

መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ቀይ ቀበሮ ነው። ከሰዓት በኋላ ደርሰው «አሁን እናያለን?» ይላሉ። እኔም «ዊ ሃርድሊ ኤቨር ሲ ዜም አት ዚስ ታይም» እላቸዋለሁ። «ሃርድሊ ኤቨር» ለእኔ «ከስንት አንዴ» ነው። «እምብዛም»ም ይሆናል፤ «ከስንት አንዴ» ግን ይበልጥ ይጥመኛል፣ ምክንያቱም ሲያዩ ምን ያህል ዕድለኛ እንደሆኑ ይነግራቸዋል። ጭላዳን በተመለከተ ደግሞ ይሄ ቃል አያስፈልገኝም፤ መንጋው መንገድ ዘግቶ ነው የሚጠብቃቸው።

«ሃርድሊ ኤኒ»ን የተማርኩት ስለ ሣሩ ሳስረዳ ነው። ጓሳው በቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ መሬት ነው፤ አባቶቻችን ለዓመታት ይዘጉታል፣ ከዚያ በስምምነት ተከፍቶ ሣሩ ለቤት ክዳን ይታጨዳል። እና ጥበቃው በላላበት ዘመን ምን ሆነ ሲሉኝ «ዜር ዋዝ ሃርድሊ ኤኒ ግራስ ሌፍት» እላለሁ። በአማርኛ ብናገረው «ለመድኃኒት የሚሆን ሣር አልቀረም» ነበር የምለው።

እና እራት ላይ። እንግዳው በሶውን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ሲተወው ጓደኛው «ሂ ሃርድሊ ተችድ ሂዝ ፉድ» አለችኝ። እኛ «ለአመል ቀመሰ» እንላለን። ይኸው ነው። መምህር፣ ተማሪዎችህን «ለአመል» ብለህ አስጀምራቸው፤ መንዜ ሁሉ ይገባዋል።

---

የሰላ ድንጋይ መምህር · 4፡20

«ለመድኃኒት» እና «ለአመል»! ይሄን ነበር የፈለግሁት። ልብ በሉ ግን፣ ሁለቱ እኩል አይሄዱም። «ለመድኃኒት የሚሆን አልቀረም» ሲባል ግሡ አሉታ ነው፤ «ለአመል ቀመሰ» ሲባል ግን ግሡ አዎንታ ሆኖ ትርጉሙ «አልበላም ማለት ይቻላል» ነው። ስለዚህ «ለአመል» ከእንግሊዝኛው ጋር በአሠራሩም ይገጥማል። ነገ በዚህ ነው የምጀምረው።

---

ዲያቆን ዘአንኮበር · 4፡41

«በጭንቅ» የሚለውን አትጣሉት። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 19፥23 ላይ፣ ሀብታም ወደ መንግሥተ ሰማያት «ሻል ሃርድሊ ኢንተር» ይላል። እንደ ዛሬው እንግሊዝኛ ካነበብነው «የማይገባ ነው ማለት ይቻላል» ይሆናል። የእኛው ግን መግባቱ «ጭንቅ ነው» ይላል። የቅርብ ጊዜ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች «ኢት ኢዝ ሃርድ» እያሉ የሚያቃኑት ለዚህ ነው፤ የዛሬ አንባቢ እንዳይሳሳት።

በነገራችን ላይ፣ ሰሜን ሸዋ እንግሊዝኛ ገና ትናንት የገባበት አገር አይደለም። ካፒቴን ሃሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ በ1841 እ.ኤ.አ. እዚሁ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጥቶ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውሏል። በመካከል ሆኖ ነገሩን የሚያግባባው ደግሞ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነበር። ቃሉ በዚያ ንግግር ተነስቶ ከሆነ ምን ተብሎ እንደተተረጎመ እግዜር ይወቀው።

---

ፊደል ቆጣሪ · 5፡10

ዲያቆን ሳያስበው የቃሉን የሕይወት ታሪክ እኩሌታ ተናገረ። ቀሪውን እኔ ልጨምር።

ተማሪዎቹ «ሃርድሊ» ማለት «ጠንክሮ» ነው ሲሉ፣ ስምንት መቶ ዓመት ወደኋላ ቢወለዱ ኖሮ ሙሉ ማርክ ያገኙ ነበር። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ «በድፍረት፣ በጭካኔ፣ በብርታት» ማለት ነበር። ቀስ እያለ «በብርቱ ጥረት» ወደሚለው፣ ከዚያ «በጭንቅ፣ በመከራ» ወደሚለው ተሸጋገረ፤ የዲያቆን ጥቅስ የተያዘው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። በጭንቅ የሚሆን ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ቃሉ «ማለት ይቻላል አይሆንም» ወደሚለው ደረሰ፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። የድሮውና የአዲሱ ትርጉም ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ለዚህ ነው 1611 ላይ ገና «በጭንቅ» ሆኖ የምናገኘው።

«በጭንቅ» በአማርኛም መንገድ ጀምሯል ባይ ነኝ። «በጭንቅ ተገላገለች» ሲባል ጭንቁ የእውነት ነው፤ «ድምፅህ በጭንቅ ይሰማኛል» ሲባል ግን የተጨነቀ ሰው የለም፣ ድምፁ ማነሱን ብቻ ነው የምንናገረው። «ክፉኛ»ንም ተመልከቱ። «ክፉኛ ወደዳት» ስንል ክፋት የለበትም። ብርታትንና ጭካኔን የሚናገር ቃል ሁሉ ሲቆይ የመጠን መለኪያ ሆኖ ያርፋል።

አንድ ሌላ ነገር፣ መምህር። ልጆቹ «ሊ» የሚለውን ጭራ ሁሉም ቃል ላይ የሚለጥፉት አማርኛ ውስጥ ንጹሕ ተውሳከ ግሥ ጥቂት ስለሆነ ይመስለኛል። «ቶሎ»፣ «ገና»፣ «ምንኛ»፣ ያው «ክፉኛ»… ከዚያ ወዲያ የምንጠቀመው ወይ «በ» ጨምረን ነው፣ ወይ ሌላ ግሥ አስቀድመን። «ጠንክሮ ሠራ» ውስጥ «ጠንክሮ» ግሥ ነው፤ ጠነከረ፣ ከዚያ ሠራ። ልጁ ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ ሲያጣ ያለውን ሕግ ይዞ ይሮጣል።

---

10ኛ ቢ · 5፡22

መምህር እዚህም አሉ እንዴ? ነገ ፈተና አለ ማለት ነው?

---

የሰላ ድንጋይ መምህር · 5፡25

አሁን በዚህ ሰዓት ስልክ ይዘህ ምን ታደርጋለህ? ተኛ።

---

ባና ለባሽ · 5፡27

«ሂ ሃርድሊ ስሊፕስ»። ትክክል ጻፍኩ እትዬ? ቦታው ከግሡ ፊት ነው፣ «ኖት» የለበትም!

---

ቡልጌ በባዕድ አገር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

እንደምን አደራችሁ ያገሬ ልጆች። እዚህ እንግሊዝ አገር ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው። ይሄ ቃል በመጽሐፍ ያልነገሩኝ ጠባይ አለው።

ተረኛው ገባ ሲል «ወርኪንግ ሃርድ ኦር ሃርድሊ ወርኪንግ?» ብሎ ሰላም ይለኛል። የታወቀ ቀልዳቸው ነው፦ «እየሠራሽ ነው ወይስ ለአመል?» እንደማለት። መምህር ይህንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ቢጽፈው ግማሹ ትምህርት ያልቃል፤ ሁለቱም ቃላት በየቦታቸው ተቀምጠውበታል።

ከዚህ ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን ብቻውን ሲመጣ ነው። አንዷን «ሹመት አገኘሽ አሉ፣ ሀብታም ሆንሽ በያ» ብትላት «ሃርድሊ!» ትልሃለች። ይሄ «እምብዛም» አይደለም፣ «በጭንቅ»ም አይደለም። እኔ ቡልጋ ላይ ያደግሁበት አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል አለው፦ «እቴ!» «ሀብታም ሆንሽ?» «እቴ፣ ምኑን!» ድምፁም ሳይቀር አንድ ነው፤ አፍንጫ ትንሽ ነፋ ይላል።

ደግሞ ሰውን ሳይሳደቡ ሲቃወሙበት አለ። «ዛትስ ሃርድሊ ፌር» ሲሉህ «ትንሽ ብቻ ነው ፍትሕ ያለው» እያሉ እንዳይመስልህ። «ኧረ ይሄ ፍርድ ነው እንዴ?» ነው። «ኢትስ ሃርድሊ ሰርፕራይዚንግ» ደግሞ «ይሄ ምኑ ይገርማል» ነው። እኛ በጥያቄ የምንለውን እነሱ በዚህ ቃል ይሉታል። አለቃዬ መጀመሪያ ሰሞን «ዚስ ኢዝ ሃርድሊ ዘ ታይም» ስትለኝ፣ የሥራ ባልደረባዬ ኤርትራዊት ናት፣ ጎኔን ነካ አድርጋ «አሁን ሰዓቱ ነው ወይ እያለችሽ ነው፣ ዝም በይ» አለችኝ። ነገሩ በጨዋ ቃል የተጠቀለለ ቁጣ ነበር።

---

ባና ለባሽ · 1፡30

«እቴ»ን ያመጣሽበት እጅ ይባረክ። «ምኑን»ም ራሱን የቻለ ነው። እናቴ እንግዳ ሲነሳ «ምኑን በላኸው!» የምትለው ንጹሕ «ዩ ሃርድሊ ኤት!» ነው። ሁለት እንጀራ ቢበላም ትለዋለች፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

---

ምንጃሬ · 1፡52

እሺ፣ ተሸነፍኩ አልልም፤ ግን ክሩ ለካ ያስከፍታል። አሁን የእኔን ጥያቄ መልሱ። «ሃርድሊ» ከ«ቤርሊ» በምን ይለያል? መዝገበ ቃላቱ አንዱን በሌላው ነው የሚፈታው። «ኒርሊ»ስ? ወንድሜ «ልወድቅ ነበር» ለማለት «አይ ሃርድሊ ፌል» ይላል።

---

ጡረተኛዋ · 2፡20

የመጨረሻውን ላስቀድም፣ አደገኛው እሱ ነው። «ልወድቅ ነበር» ማለት አልወደቅሁም፣ ግን ቀርቤ ነበር ማለት ነው። ያ «አይ ኒርሊ ፌል» ወይም «አይ ኦልሞስት ፌል» ነው። «ሃርድሊ» ለዚህ ከቶ አይሆንም። አማርኛው «ሊ…ነበር» ወይም «ል…ነበር» ከሆነ ወደ «ኒርሊ» ሂዱ። «እምብዛም፣ በጭንቅ፣ ለአመል» ከሆነ ወደ «ሃርድሊ»።

«ቤርሊ» እና «ሃርድሊ» ብዙ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ «ካን ቤርሊ ሲ» ብትልም «ካን ሃርድሊ ሲ» ብትልም ያው ጭጋግ ነው። ልዩነቱ ዓይናችን ወደየት እንደሚያይ ነው። «ሺ ቤርሊ ፓስድ» ስትል ዋናው ወሬ ማለፏ ነው፣ ለጥቂት ቢሆንም አልፋለች፤ «እንደምንም አለፈች» በለው። «ሺ ሃርድሊ ስተዲድ» ስትል ዋናው ወሬ አለማጥናቷ ነው። ፈተናው ላይ ልክ ማለፊያውን ነጥብ ብቻ ላገኘች ልጅ «ቤርሊ» ነው የሚመቸው። «ስኬርስሊ» የሚባለው ሦስተኛው ወንድማቸው ደግሞ የመጽሐፍ ቃል ነው፤ ታነበዋለህ እንጂ ገበያ ላይ አትሰማውም።

«ለጥቂት» የሚለውን ቃል ግን ለተማሪ አትስጡ። «ለጥቂት ተረፈ» እና «ለጥቂት አመለጠው» ሁለቱም ይባላል፤ አንደኛው ሆኗል፣ ሌላኛው አልሆነም። ልጁን ግራ ያጋባዋል።

---

የጣርማበር ሹፌር · 2፡48

እትዬ፣ አንድ ደግሞ ልጄ ያመጣችው አለ። የፈተና መለማመጃዋ ላይ «ሃርድሊ ሃድ አይ ሳት ዳውን…» የሚል አይታ ዓረፍተ ነገሩ ተገልብጧል ብላ ደመሰሰችው። «አይ ሃድ» ነው እንጂ «ሃድ አይ» ጥያቄ ነው ትላለች። እኔ ምን ልበላት?

---

የሰላ ድንጋይ መምህር · 3፡05

ይሄን ለእኔ ተዉልኝ፣ ክፍሌ ውስጥ በየዓመቱ የሚነሳ ነው። ጋሼ፣ ልጅዎን ንገሯት፣ አልተሳሳተም። «ሃርድሊ» ከዓረፍተ ነገሩ ፊት ከወጣ ረዳት ግሡ ባለቤቱን ቀድሞ ይቆማል። «ኔቨር» እና «ሬርሊ»ም ፊት ሲወጡ እንደዚሁ ያደርጋሉ። አሉታ ነው ያሉት ጡረተኛዋ እዚህም ይረታሉ።

አማርኛችን ይሄን አባባል ሞልቶ የተረፈው ነው። «ሃርድሊ ሃድ አይ ሳት ዳውን ዌን ዘ ባስ ሌፍት»፦ «ገና ቁጭ ከማለቴ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ»። «ቁጭ ብዬ ሳልጨርስ»ም ይሆናል። «እግሬ ከቤት ከመግባቱ ዝናቡ ወረደ» ደግሞ የበለጠ ያምራል። ልጅቷ «ገና ከ…» የሚለውን ካሰበች ቦታውን አትስተውም።

ፈተና የሚይዝባት ግን ሌላ ነው። ከ«ሃርድሊ» ጋር «ዌን» ነው የሚመጣው፣ «ዛን» አይደለም። «ዛን» የሚመጣው ከ«ኖ ሱነር» ጋር ነው፤ «ሱነር» ማወዳደሪያ ስለሆነ «ዛን» ይፈልጋል። ምርጫ ጥያቄው ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡላችኋል፣ ልጁም ይዘባረቃል። በንግግር ግን እንዲህ አትበል በላት፤ መናኸሪያ ላይ «ሃርድሊ ሃድ አይ» ብላ ብትጀምር ትኬት ቆራጩ ይደነግጣል። በተራው እንግሊዝኛ «አይ ሃድ ሃርድሊ ሳት ዳውን ዌን» ይበቃል።

---

የጓሳ አስጎብኚ · 3፡30

መምህር፣ ታዲያ ዛሬ ክፍል ውስጥ እንዴት ሆነ? «ለአመል» ሠራ?

---

የሰላ ድንጋይ መምህር · ከቀኑ 9፡40

ሠራ ማለት ይቻላል። «ለአመል ቀመሰ»ን ሰሌዳ ላይ ጽፌ «በላ ወይስ አልበላም?» አልኳቸው። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንዱ «ቀምሷል፣ ግን አልጠገበም» አለ። ከዚያ «ሂ ሃርድሊ ኤት» ጻፍኩ። «ኖት» ላስገባ ያለ አልነበረም። ወደ «ካን» ስሄድ ግን ተደነጋገሩ፤ «አይ ካን ሃርድሊ ሪድ»ን አንዷ «ለአመል ማንበብ እችላለሁ» ብላ ተረጎመችው። ያ ደግሞ ለ«ሪድ» ያን ያህል አይርቅም፣ ለሹፌሩ ጭጋግ ግን አይሆንም። ስለዚህ «በጭንቅ»ን ለ«ካን» ብቻ ለይቼ ሰጠኋቸው። የቡልጌዋን ቀልድ ደግሞ ደብተራቸው ሽፋን ላይ ሳይቀር ጽፈውታል።

አንድ ያልመለስኩት ጥያቄ ቀርቶብኛል። «ሂ ሃርድሊ ስፒክስ» ካልን በኋላ «አይደል?» ለማለት «ዳዝንት ሂ?» ነው ወይስ «ዳዝ ሂ?»

---

ቡልጌ በባዕድ አገር · 10፡15

«ዳዝ ሂ?» ነው። ዓረፍተ ነገሩ አዎንታ ከሆነ ጭራው አሉታ ይሆናል፣ አሉታ ከሆነ ጭራው አዎንታ። «ሃርድሊ» አሉታ ስለሆነ ጭራው በአዎንታ ይመጣል። እኛ ለሁሉም «አይደል?» ብለን ስለምንገላገል ነው የሚከብደን። እዚህ ሰው «ዩ ሃርድሊ ኢት፣ ዱ ዩ?» ሲለኝ እኔ አሁንም ለመመለስ ቆም ማለቴ አልቀረም፤ «ኖ» ማለት ነው ያለብኝ፣ አፌ ግን «የስ፣ አልበላም» ሊል ይቃጣል።

---

ባና ለባሽ · 10፡32

ልሞክር፦ «ኢት ሃርድሊ ራይንስ ኢን መሐል ሜዳ ኢን ጥር፣ ዳዝ ኢት?»

---

ጡረተኛዋ · 10፡50

ጎሽ። መልሱም «ኖ፣ ኢት ዳዝንት» ነው። አሁን የወሩን ስም በእንግሊዝኛ ጻፈው።